ጀርባውንም ስካን አድርጉልን

ለ፦ የከተማችንን የይዞታ ሰነድና የቤት አድራሻ ወደ ኮምፒውተር ለምታስገቡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ስለ አሮጌ ሰነዶች ጀርባ እና ስለ አንዲት ተጨማሪ ዓምድ

ጤና ይስጥልን።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ እቸገራለሁ። «የታሪክ መምህር ነኝ» እላለሁ። «የምን ታሪክ?» ይከተላል። «የድሮ ካርታና የድሮ ሕግ» ካልኩ አለቀልኝ። ሰውዬው ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል፣ ድምፁን ይቀንሳል። «ጋሼ፣ የኔም ካርታ የድሮ ነው። ወደ አዲሱ ለማስቀየር ሰው ያውቃሉ?» አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቁርጡን ሳህኑ ላይ ትቶ ስልኬን ተቀብሎኛል። ደላላ መስየው ነው።

አልፈርድባቸውም። በእኛ ከተማ «ካርታ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የቤት ካርታ ነው፤ ባለ ማህተሙ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓለም ካርታ ሁለተኛ ነው። ሦስተኛው ቁማር የሚጫወቱበት ነው። ሌላው አገር ሕጉን በአንድ ስም፣ ሥዕሉን በሌላ ስም ይጠራል። እኛ ሁለቱንም ካርታ ብለን ገላገልነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ሕዝቡ በአንድ ቃል ጨርሶታል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ጥቅምት የእናቴን ቤት ሰነድ ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ያስተናገደችኝ ልጅ እንድትወቀስ አልፈልግም፤ ጨዋ ልጅ ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰልፌ አምስት ሰዓት ላይ ተራዬ ደረሰ። መስኮት ቁጥር 7። ሰነዱ በ1949 ዓ.ም የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የታጠፈበት ቦታ ስለሳሳ በፕላስተር ተይዟል። ፊቱ ላይ የእናቴ ስም፣ የቦታው ስፋት፣ ቴምብርና ማህተም አለ። ጀርባው ላይ አዋሳኞቹ ተዘርዝረዋል። በምሥራቅ የባላምባራሱ አጥር። በምዕራብ ግንፍሌ ወንዝ። በሰሜን ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ደጃፍ ያለው ጽድ። በደቡብ ወደ ምንጩ የሚያወርደው የእግር መንገድ። ከሥር ሦስት ምስክሮች አሉ። ሁለቱ ፈርመዋል። አንዷ አውራ ጣቷን አትማለች።

ልጅቷ ሰነዱን ስካነሩ ላይ አስተኛችው። መብራቱ ሄዶ ተመለሰ። አነሳችና ልትመልስልኝ እጇን ዘረጋች።

«ጀርባውስ?» አልኳት።

«ጀርባው አያስፈልግም አባባ። ሲስተሙ አንድ ገጽ ነው የሚቀበለው።»

«አዋሳኞቹ እኮ ጀርባው ላይ ናቸው።»

«አሁን በኮድ ነው። አዋሳኝ ምናምን ቀርቷል።» ፈገግ አለች። «ጽዱስ እስካሁን አለ?»

የለም። ከተቆረጠ ቆይቷል። ምንጩም የለም፤ ባላምባራሱም የሉም። መልስ አጥቼ ሰነዴን አጥፌ ወጣሁ። ነገሩ የከነከነኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ የኖርኩት እኮ በጀርባና በኅዳግ ነው። ልጅቷ ሳታውቀው የሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራዬን ነው «አያስፈልግም» ያለችኝ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ለአንድ ደብር ጉልት፣ ማለትም ግብሩን የሚበላበት መሬት፣ ሲሰጥ የት ነበር የሚጻፈው? ብዙ ጊዜ ወንጌሉ ላይ ነው። በባዶው ቅጠል ላይ፣ በኅዳጉ፣ ማርቆስ አልቆ ሉቃስ ሳይጀምር በተረፈችው ቦታ። ወንጌል እንዲሁ ማንም የሚነካው መጽሐፍ አይደለም፤ ይከበራል፣ ይቆለፍበታል፣ እሳት ቢነሣ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ከዚያ የተሻለ መዝገብ ቤት ከየት ይመጣል? ጽሑፉ የሰጪውን ስም፣ የመሬቱን ስም፣ ብዙ ጊዜም በዚያ ወቅት የነበሩትን ሹማምንት ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ ውግዘት አለ። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። (ኮምፒውተር ላይ «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ጎን ይህች ነገር ብትለጠፍ ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ።)

የድሮ ሕግ ሲባል ሰው የሚያውቀው ፍትሐ ነገሥትን ነው። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ክብሩን አልነካም። ግን በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በየትኛው ጉድባ እንደተጣላ አይነግራችሁም። ያንን የሚነግራችሁ ኅዳጉ ነው።

በወጣትነቴ አንድ ገዳም ሄጄ ቁልፍ ያዡን አራት ቀን ጠብቄአለሁ። ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሄደው ነበር። በአምስተኛው ቀን መጡ። እጃቸውን ታጥበው ወንጌሉን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወጡልኝ። የምፈልገው የጉልት ጽሑፍ ሥር አንድ ቃል ላይ ብራናው ሳስቷል። በምላጭ ተፍቋል። በላዩ ላይ በሌላ እጅ፣ በጠቆረ ቀለም፣ ሌላ የቦታ ስም ተጽፏል። ከእሱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያ «ዘፈሐቆ» የሚለው ውግዘት እንዳለ ተቀምጧል። ውግዘቱን እያየ ነው የፋቀው! አባ ዝም ብለው አዩኝና «ድሮም ደፋር ነበረ» አሉኝ። ያቺ የተፋቀች ስም ሁለት ዓመት አስፈጀችኝ። የተጣሉት ሁለት መንደሮች እነማን እንደነበሩ ያወቅሁት በሷ ነው።

ከዚያ ለደረጃ ዕድገት አመለከትኩ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ወረቀቴን አገላብጠው «ይህ ለልማት ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ይህ ደብዳቤ የዘገየ መልስ ነው ብትሉትም ይሆናል።

እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም፤ ትልልቆቹ ቀድመውኛል። ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 እ.ኤ.አ. ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ሲጽፉ ከገድሉና ከዜና መዋዕሉ ጋር የጉልት ጽሑፎችንም ተጠቅመዋል። ሃንቲንግፎርድ የሰሜኑን የመሬት ሰነዶች ሰብስቦ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሳት ጀመሩ። ወደ 9,000 የሚደርሱ ተነስተዋል። እነ ጌታቸው ኃይሌ ያንን ሁሉ እያነበቡ መዝግበውልናል። ልብ በሉልኝ፤ ፎቶ አንሺዎቹ ባዶ የመሰለውን ቅጠል ሁሉ አንስተዋል። «ወንጌሉ ይበቃል፣ ኅዳጉ አያስፈልግም» ቢሉ ኖሮ እኔ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምናልባት እውነትም ደላላ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይህ የኛ አገር ጣጣ ነው፣ ፈረንጅ ጋ ያኔም ካርታ ነበረ» ትሉ ይሆናል። ደቡብ ፈረንሳይ ወዳለችው ማርሴይ ልውሰዳችሁ።

በ14ኛው መቶ ዘመን ማርሴይ ትልቅ የወደብ ከተማ ናት። በሥዕል የተነሳ የከተማ ካርታ ግን አልነበራትም። ቤት ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል፣ ለጥሎሽ ይሰጣል። ገዢና ሻጭ ወደ ውል ጸሐፊ ይሄዳሉ። ይህን ሰውዬ ግማሹን ውልና ማስረጃ፣ ግማሹን ፍርድ ቤት በር ላይ ታይፕ ይዞ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ አድርጋችሁ አስቡት። እነሱ በአገሬው በፕሮቫንስ ቋንቋ ይነግሩታል። እሱ በላቲን ይጽፋል። የእኛም ደብተራ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሰምቶ በግዕዝ ነው የጻፈው። ታዲያ ቤቱ የት እንደሆነ ለማመልከት አይስልም። ከዚህ ወገን ከእገሌ ቤት፣ ከዚያ ወገን ከእገሌ ቤት ይዋሰናል ብሎ ያሰፍራል። የእናቴ ሰነድ ጀርባ ማለት ነው፣ በላቲን።

ያቺን መስመር አንባቢ ዘሏት ይሄዳል። ዓይን የሚገባው ዋጋውና የሰዎቹ ስም ነው። ዳንኤል ሎርድ ስሜይል የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ሰው ግን እዚያችው ላይ ተገትሮ ቀረ። ብዙ ውሎች ሰብስቦ ቤቱ የት እንዳለ የምትናገረዋን ሐረግ ብቻ እየነቀሰ አወጣ። በ1999 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆነ። ያገኘው ይህ ነው፦ የከተማው ሰው አንድ ዓይነት አድራሻ አልነበረውም። ውል ጸሐፊዎቹ መንገድን ይመርጣሉ፤ «በእገሌ መንገድ ያለ ቤት» ይላሉ። የመሬት ኪራይ የሚሰበስቡት ጌቶች ዙሪያውን በመንገድ የተከበበውን የቤቶች ስብስብ እንደ ደሴት ቆጥረው በሱ ይመዘግባሉ። ተራው ሰው ደግሞ በሰፈር ነው የሚናገረው። የወርቅ ሠሪዎቹ ጋ፣ የጫማ ሠሪዎቹ ጋ ይላል። ካልሆነም ቤተ ክርስቲያን ወይም የከተማ በር ይጠራል።

ቀስ በቀስ ያሸነፈው መንገዱ ነው። የሚገርመኝ ይኼ ነው። ንጉሥ አላዘዘም። አዋጅ አልወጣም። ሰፈር ሰፈር የሚለው ሰው ጸሐፊው ፊት ይቆማል፣ ጸሐፊው ሰምቶ በላቲን መንገድ ብሎ ይጽፋል። ነገም እንዲሁ። ተነገ ወዲያም እንዲሁ። እነዚያ ጸሐፊዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፎርማቸው የሚቀበለው እሱን ስለሆነ ነው። የሕዝቡ ካርታ በብዕር ጫፍ ተገፍቶ ከገበታ ወጣ።

ስሜይል ከዚያም ብዙ ሠርቷል። ማርሴይን ይዞ እስከ ሃርቫርድ ደርሷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ከተማይቱ ፍርድ ቤቶች ነው፤ ከ1264 እስከ 1423 ያለውን ዘመን ያያል። ሰዎቹ ፍርድ ቤት የሚሄዱት ገንዘብ ለማስመለስ ብቻ አልነበረም ይላል። ጠላትን በአደባባይ ለማዋረድ፣ ቂምን ለሕዝብ ለማሳወቅም ነበር። «በላ ልበልሃ» ሲባል ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልገንም። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባለዕዳ ቤት ተገብቶ ድስቱና አንሶላው ሳይቀር እንዴት እንደሚወሰድ ጽፏል። በመሐሉ ስለ ሰው ልጅ አንጎልና ጽሑፍ ስላልነበረበት ረጅም ዘመንም አንድ መጽሐፍ አለው። ከዚያ ሁሉ ውል በኋላ አየር መቀየር አምሮት ይሆናል። አልደብቃችሁም፣ እቀናበታለሁ። ለሥራ አመሉ አይደለም። ለወረቀቱ ነው።

ምክንያቱም ያ ወረቀት ስንት አልፎበታል። በ1423 እ.ኤ.አ. የአራጎን መርከቦች ማርሴይን ዘርፈዋል። የወደቡን ሰንሰለት ሳይቀር ፈተው ወስደዋል፤ ዛሬም ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ካቴድራል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በ1943 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመኖች ከአሮጌው ወደብ በስተሰሜን ያለውን ሰፈር ነዋሪውን አስወጥተው በፈንጂ አፈረሱት። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሕንፃዎች ወደቁ። ይህን የማነሳው ከማንም ጋር ለማነጻጸር አይደለም፤ ጦርነት ሌላ ነገር ነው። የማነሳው ቤቶቹ ከሄዱ በኋላ የማን ቤት ከማን ቤት ጋር ይዋሰን እንደነበር የሚናገረው ያ ሰው የሚዘላት መስመር ብቻ ስለሆነ ነው።

ስለ ካርታም ትንሽ ልበል። ሕጉን ብቻ አውርቼ ብሄድ ግማሽ ሥራዬን ካድኩ።

ቬኒስ አጠገብ ሳን ሚኬሌ በምትባል ደሴት ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ነበር። በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ክብ የዓለም ካርታ ሠራ፤ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር ያህላል። ደቡብ ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ አፍሪካ ከላይ ትቀመጣለች። ያኔ እኛ ዘንድ ዘርዓ ያዕቆብ ነግሠዋል። ካርታው ላይ ዓባይ አለ። ተከዜ አለ። አዋሽ አለ። ከየት አመጣው? ራሱ ይናገራል። ይህን አገር የጥንት ሰዎች አላወቁትም፤ እኔ ያገኘሁት እዚያው ከተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች ነው፤ አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ሣሉልኝ ይላል።

እስቲ ይህን በዓይናችሁ ሳሉት። ከዋልድባ ይሁን ከየት፣ ኢየሩሳሌም ደርሰው ይሁን በሌላ መንገድ የመጡ መነኮሳት ጣሊያን አገር ተቀምጠው ወንዛቸውን ይሥላሉ። አንዱ መስመሩን ይስባል፣ ሌላው «የለም፣ በዚህ በኩል ነው የሚዞረው» ብሎ ያርመዋል። ይህቺ የኔ ግምት ናት፤ ግን የኛ ሰው ቦታ ሲያስረዳ ካያችሁ ታምኑኛላችሁ። የሰጡት ስም ከመብዛቱ የተነሳ ፍራ ማውሮ የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ኢትዮጵያን ለጥጦ ለጥጦ የአፍሪካን ትልቅ ክፍል አለበሳት። በልኬት ቢታይ ስህተት ነው። እኔ ግን ብዙ ዓመት አይቼው አልጠገብኩትም። ስሙ ከቦታው የበለጠበት ካርታ ነው።

መነኮሳቱ ግን እነማን ነበሩ? አልጻፈልንም። ዕድል የገጠማቸው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው የኢትዮጵያን ቋንቋና ታሪክ ከሚያጠናው ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ፤ የነገሩትም በ1683 በወጣው የሉዶልፍ ካርታ ውስጥ ገባ። የእሳቸውን ስም እናውቃለን። የፊተኞቹን አናውቅም። አንድ መስመር ነበር የሚያስፈልገው።

እና አሁን ወደ እናንተ ኮምፒውተር።

የአዲስ አበባ ሰው በማርሴይ ሰው አነጋገር ነው የሚኖረው። ሠራተኛ ሰፈር፣ ሥራ ቤት፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ዘበኛ ሰፈር። ማን ምን ይሠራ እንደነበረ ስሙ ይናገራል። ሃያ ሁለት ማዞሪያ የአውቶቡስ ቁጥር ነው ይባላል። ሰባራ ባቡር ተበላሽቶ የቆመ መንገድ መዳመጫ ነው ይባላል። ካዛንቺስ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራበት ድርጅት ምሕጻር ነው፤ ፋሺስት ሄዶ ስሙ እኛ አፍ ላይ ተጣፍጦ ቀረ። እሪ በከንቱን ያወጣውን ሰው ባገኘው ምሳ እጋብዘዋለሁ። ከዚህ ጋር በቦርድ የተጻፉ የጎዳና ስሞች አሉን። አፍሪካ ጎዳና የት እንደሆነ አሥር ሰው ጠይቁ። የቦሌ መንገድ በሉና ደግሞ ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ መኪና ጠራሁ። ሾፌሩ ደወለ።

«ጋሼ የት ጋ ነዎት?»

«ካርታው አያሳይህም እንዴ?»

«ያሳየኛል። እሱን ይተዉትና ከምን አጠገብ ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት።»

«እ፣ እንዲያ ይበሉኝ!» በሦስት ደቂቃ ደረሰ። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ቁጥር አትስጡ እያልኩ አይደለም። እንዳትሳሳቱብኝ። አምቡላንስ በወፍጮ ቤት አይመጣም፤ መጣ ቢባልም ሌሊት ማን ያሳየዋል? በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌ ከመጣ ወዲህ ቁጥራችን ስንት ጊዜ ተቀያየረ። ቀበሌ ከቀበሌ ተዋሃደ፣ ወረዳ ሆነ፣ ክፍለ ከተማው ራሱ ተከፈለ። የእኛ በር ላይ ሦስት ቆርቆሮ ተመትቷል፤ ሦስቱም ቁጥር የተለያየ ነው፤ ፖስተኛም መጥቶ አያውቅም። የማያምታታ አንድ ኮድ ቢመጣ የመጀመሪያው አጨብጫቢ እኔ ነኝ። ሻጭ አንዱን ቦታ ለሦስት ሰው ሲሸጥ ማየት ሰልችቶናል። ልጅቷም ልክ ናት። ጽድ ይቆረጣል፣ ኮድ አይቆረጥም።

ግን ኮድ አያስታውስም። ኮዱን የሚያይ ሰው እዚያ ጠላ ሻጭ እንደነበረች፣ ምንጭ እንደነበረ፣ አንዲት ሴት መጻፍ ሳትችል ለጎረቤቷ መስክራ አውራ ጣቷን እንዳሳረፈች በምን ያውቃል? በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ። ይነሣ አይነሣ የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣም፤ ለእሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያነበውም ሌላ ቢሮ ነው። እኔ የምጠይቀው የተነሡት ሰዎች ይዘውት የሄዱት ስም የት ተጻፈ ነው። አንዱ ወደ ገላን፣ አንዱ ወደ ሌላ ዳርቻ ሄዷል። በአንድ ጠባብ ቅያስ ውስጥ አምስት ስም ነበረ፤ የእገሊት ሱቅ ጋ፣ ቧንቧው ጋ፣ የታጠረው ጋ። አምስቱን አብሮ የሚጠራ ጎረቤት አሁን አንድ ላይ የለም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። አሮጌ ሰነድ ስካን ስታደርጉ ጀርባውንም አድርጉት። ሲስተሙ አንድ ገጽ ብቻ ከተቀበለ ሁለት ገጽ እንዲቀበል አድርጉት፤ ሲስተም የሠራው ሰው ነው። ከዚያ ኮዱ፣ ስፋቱ፣ ባለይዞታው በሚሰፍርበት ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ዓምድ ጨምሩልኝ። ስሟን «ነዋሪው የሚጠራበት ስም» በሏት። ግዴታ አታድርጓት፤ ግዴታ ከሆነች ሰው «የለም» ብሎ ይሞላታል። ሁለት ሦስት ስም ከመጣም አትምረጡ፣ ሁሉንም ጻፉ። የማርሴይ ጸሐፊ ስህተት መምረጡ ነበር። አንድ ሰፈር ሊነሣ ሲል ደግሞ ከለኪዎቹ ጋር ደብተር የያዙ ሁለት ልጆች ላኩ። አዛውንቶቹን፣ የእድር ጥሩምባ ነፊውን፣ የሱቅ በደረቴውን ልጅ ይጠይቁ። ሊስትሮዎቹን ከጠየቁ የማናውቀውን ሁሉ ያወጡታል።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ጡረታ የወጣን መምህራን አለን። ሻይ ካጠጣችሁን እንመጣለን። እኔ ብቻዬን ከግንፍሌ ድልድይ እስከ ቀበና ያለውን ጀምሬዋለሁ። እስከ ትናንት 64 ስም ጽፌአለሁ፤ ከእነሱ ውስጥ 11 አንዱ ሌላውን የሚክድ ነው። ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ልጅ አሉ፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ጽዱ የት ላይ እንደነበረ በከዘራቸው መሬት ላይ ሥለው አሳዩኝ። «የለም፣ በዚህ በኩል ነው» ብለው አጠፉና እንደገና ሣሉት። ፎቶ አንስቼዋለሁ። ስማቸውንም ጽፌአለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መስኮት ቁጥር 7 እመለሳለሁ። ሰነዱን ይዤ እመጣለሁ። ፊቱ ገብቷል። የቀረው ጀርባው ነው።

ከሰላምታ ጋር

አንድ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ግንፍሌ (ከተዘጋው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት)

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን እድር ጸሐፊ
ለመስኮት ቁጥር 7
ለቀድሞው የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ አባል፣ ካሉበት